በካንቲና የበቀሉ ሊሊዎች

ሄራን ለሦስት ሳምንት ዝም ካለችኝ በኋላ የላከችልኝ የመጀመሪያ መልእክት ፎቶግራፍ ነበር። የተቀደደ የፕላስቲክ ከረጢት ይታያል። በከረጢቱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የመሰሉ፣ ቅርፊታቸው የተደራረበ፣ ለዘር የሚተከሉ የአበባ ኮረቶች አሉ። ከእያንዳንዱ ኮረት አናት ላይ ጣት የሚያህል፣ ፀሐይ ያላየ ነጣ ያለ ቡቃያ ወጥቶ ወዲህም ወዲያም ተጣሟል። ከፎቶው በታች አጭር የድምፅ መልእክት ነበረ።

«የሲኞራ ሊሊዎች ናቸው። ምድር ቤት፣ ካንቲና ውስጥ ተረስተው በቀሉ። ማማ ይጣሉ ትላለች። አንተ ምን ትላለህ?»

ድምፁን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ስለ ሊሊ ሳይሆን ስለ እኔ የሚያወራ ነገር ውስጡ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው። አላገኘሁም። ግን «አንተ ምን ትላለህ» ስትል ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ፤ በዚያች ዝቅታ አንድ ሙሉ ከሰዓት ኖርኩ።

«አይጣሉ» ብዬ መለስኩላት። «ማንም እንዳይነካቸው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ እመጣለሁ።»

ሩፋኤል እባላለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተምሬያለሁ። ሮም ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ በከተማው ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ ውሃ አጠጣለሁ፣ አፈር እቀላቅላለሁ፣ መኪና ላይ ችግኝ እጭናለሁ። ዲግሪዬን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። የሚጠይቁኝ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ነው፤ እሱም በየስድስት ወሩ የሚታደስ ደረሰኝ ሆኖ ኪሴ ውስጥ አለ። ሄራን ግን የተወለደችው እዚሁ ነው። የጣሊያን ፓስፖርት አላት፤ የነርስነት ትምህርቷን ዘንድሮ ትጨርሳለች። እናቷ እትዬ ንግሥት ሞንቴቬርዴ በሚባለው ሰፈር፣ ሲኞራ ኦርኔላ ቤት ተቀጥረው፣ እዚያው እያደሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሄራን ያደገችው ከኩሽናው ጎን ባለችው የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነው።

እትዬ ንግሥት አይወዱኝም ብዬ ብጽፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። የፈሩት እኔን ሳይሆን አንድ ጊዜ ያዩትን ነው። የሄራን አባት በእሳቸው በኩል ወረቀቱን እንዳወጣ፣ በወሩ ወደ ስዊድን ተሻገረ። «ሄጄ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ነበር። ልጅቷ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሌለው ወንድ ሁሉ ለእትዬ ንግሥት ሻንጣውን በር ላይ ያቆመ መንገደኛ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄራን አጠገባቸው ቆማ ሳለ ጠየቁኝ። «ልጄን የምትፈልጋት ከሆነ ሽማግሌ የማትልከው ለምንድን ነው?»

«ፔርሜሶዬ ይውጣ ብዬ ነው» አልኩ።

ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ሳልለው ቀረሁ። እትዬ ንግሥት ወደ ልጃቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አልነገርኩሽም?» ማለታቸው ነበር። የሄራንን ፊት ያኔ አየሁት። መብራት የጠፋበት ቤት መሰለ።

አፌ ስላሳፈረኝ በማግሥቱ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አራት ገጽ፣ በእጄ፣ በአማርኛ። ጣሊያንኛዬ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ሜትሮ በሚወርደው ደረጃ ጫፍ ጠብቄ ሰጠኋት፤ ሳትከፍተው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደብዳቤው ላይ ፒስቶያ በሚባል ከተማ በአንድ ትልቅ ችግኝ ጣቢያ የዓመት ኮንትራት ማግኘቴን፣ ሰኞ መጋቢት መጨረሻ ላይ እንደምሄድ ጽፌያለሁ። እጠብቅሃለሁ ካልሽኝ ቀን እየቆጠርኩ እሄዳለሁ፤ መልስ ካልሰጠሽኝ እንደማትፈልጊኝ ይገባኛል፣ ዳግመኛም አላስቸግርሽም ብያለሁ።

መልስ አልመጣም። ቅዳሜ ስነሣ ሰኞ ከነገ ወዲያ ነበር። አበባ ልተክል ነው የምሄደው አልኩ ለራሴ። ውሸት ነበር፤ ግን የትራሙን መንገድ ያህል የሚያቆይ ውሸት ስለሆነ ያዝኩት።

*

በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ንግሥት ናቸው። በሁለቱም እጄ የአፈር ከረጢት አንጠልጥዬ ሲያዩኝ ዓይናቸው ከከረጢቱ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ከረጢቱ ተመላለሰ።

«ለአበባው ነው የመጣኸው?»

«አዎ እትዬ፣ ለአበባው ነው።»

«አሎራ፣ እንግዲህ አበባው ያለው ቴራሳ ላይ ነው። ሌላ ክፍል የሚያስገባህ ነገር የለም ማለት ነው። በኩሽና በኩል እለፍ፣ ሳሎኑ አሁን ነው የተወለወለው።»

ቴራሳው የሕንፃው አናት ላይ ነው፤ ከዚያ የሮም ጣሪያዎች ሁሉ ቁልቁል ይታያሉ። ሲኞራ ኦርኔላ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሊሊ ኮረት በፖስታ ያስመጣሉ፤ በሰኔ አበባው ሲፈነዳ ቆርጠው ወደ ባላቸው መቃብር ይወስዳሉ። ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰኔ አላስተጓጎሉም። ዘንድሮ ግን በጥቅምት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኮረቱ ሲመጣ እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ። እትዬ ንግሥት ከረጢቱን ተቀብለው ከምድር ቤቱ ዕቃ ማከማቻ፣ ከካንቲናው ውስጥ አኖሩት፤ ከዚያ ሆስፒታልና ቤት ሲመላለሱ ረሱት። «ይጣል» ማለታቸው ለዚህ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው ጥፋቱን ከዓይኑ ማራቅ ይፈልጋል።

«ዶክተሩ እሱ ነው?» አሉ ሲኞራ።

«ዶክተር አይደለም ሲኞራ፣ አትክልተኛ ነው» አሉ እትዬ ንግሥት።

«የዳሌዬ ዶክተር እንኳ ቅዳሜ አይመጣም። ይሄ መጥቷል።»

ሄራን በዚህ መሀል አሮጌ ጋዜጣ ታቅፋ ወጣች። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ አስራዋለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈና፣ ትኩስ ድስት እንደነካ እጅ ቶሎ ተነሣ። «ቻው» አለችኝ፤ እዚህ አገር ሲገናኙም ይባላል። «ቻው» አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ጋዜጣውን መሬት ላይ ስንዘረጋ የዓለም ትልቁ ሥራ ያ ይመስል ነበር።

ኮረቶቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሃያ አራት ናቸው። አራቱ ሻግተው ለስልሰዋል፤ ለብቻ አደረግኋቸው። የቀሩት ጠንካሮች ናቸው፤ ቡቃያቸው ግን ጨለማ ውስጥ ብርሃን ሲፈልግ ተጣሞ፣ አንዳንዱ እንደ መንጠቆ ተቆልምሟል።

«ጊዜያቸው አልፏል?» ሲኞራ ጠየቁ።

«አላለፈም። እኛን ሳይጠብቁ ጀመሩ እንጂ ዛሬ አፈር ካገኙ ይደርሳሉ። ትንሽ ይዘገዩ ይሆናል።»

«እኔም ዘንድሮ ዘግይቻለሁ» አሉ ሲኞራ፣ ብርድ ልብሳቸውን እየሳቡ።

እትዬ ንግሥት ቆመው መመልከት የማይችሉ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። «ይሄ እንዲህ ተጣሞ እንዴት ይተከላል? ቀና ይበል እንጂ» አሉና ቡቃያውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ላይ አቀኑት። ቀጭ አለ።

የተቀነጠሰው ቡቃያ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

«ገደልኩት?»

«አልሞተም እትዬ። ዘንድሮ አያብብም እንጂ ኮረቱ ደኅና ነው። ተክለን ከተንከባከብነው በሚመጣው ዓመት ሌላ ያወጣል።»

«ታዲያ የቀረው በምን ይቃናል?»

«አናቃናውም። ኮረቱን በጎኑ እናስተኛውና የቡቃያው ጫፍ ወደ ሰማይ እንዲያይ እናደርጋለን። ከዚያ ራሱ ወደ ብርሃን ይዞራል።»

እትዬ ንግሥት ቡቃያውን አልጣሉትም፤ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። «ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት አንድ ብርጭቆ ሰብሬ አላውቅም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጣሊያንኛ።

«ሁለት ሰብረሻል» አሉ ሲኞራ። «አልነገርኩሽም እንጂ።»

ሄራን ሳቀች። ሦስት ሳምንት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። አንገቴን ደፍቼ አፈር መቀላቀል ቀጠልኩ፤ ፊቴን ቢያዩብኝ ለአበባ ብቻ እንዳልመጣሁ ያነቡት ነበር።

*

እኔና ሄራን ቴራሳው ጥግ ላይ ካሉት ትልልቅ ቫዞዎች ጀመርን፤ ከነአፈራቸው ባዶ የከረሙ የሸክላ የአበባ ማሰሮዎች ናቸው። እኔ እቆፍራለሁ፣ እሷ ኮረቱን ታስተኛለች፣ እኔ ጫፉ ብቅ እስኪል አፈር አለብሰዋለሁ። እጆቻችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገናኙና ይለያያሉ። ከሩቅ ያየን ሰው በሥራ የምንስማማ ባልደረቦች ነን ይላል።

«ሰኞ ትሄዳለህ አሉ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማን አለሽ?»

«ሲኒት። አንተ ካልነገርከኝ ሲኒት ትንገረኝ እንጂ።» ሲኒት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ናት፤ ያልሰማችው ወሬ የለም። «እንዲህ ነው የሚኬደው ሩፊ? ሳይነገር?»

«ነግሬሻለሁ እኮ። ደብዳቤው ላይ አለ።»

አፈሩን በመዳፏ መጫን ጀመረች።

«እንደዚያ አትጫኚው» አልኳት። «ሄራን፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ዝም ስትዪ ዝምታሽን መልስ አድርጌ ወሰድኩት። አልተቀየምኩም። አትፈልጊኝ ከሆነ መብትሽ ነው።»

«አላነበብኩትም» አለች።

ስለ ልብ መሰበር ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። የእኔ አልተሰበረም፤ ዝም ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ እስካሁን ባላወቅሁት ደረጃ።

«አራት ገጽ ስለሆነ በዛ?» አልኩ።

«ማንበብ አልችልም» አለች። አሁን ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። «ካፒቶ? ገባህ? ፊደል አላውቅም። ስሜን መጻፍ እችላለሁ፣ በቃ። ትንሽ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ያስተምሩ ነበር፤ ማማ የምታርፈው ሐሙስ ነው፣ ትምህርቱ ቅዳሜ ነበር። ማን ያድርሰኝ? ከዚያ ትልቅ ሆንኩ። ትልቅ ሰው ሆነህ አላውቅም ማለት ደግሞ...»

ዓረፍተ ነገሩን በጣሊያንኛ ጨረሰችው፤ ለራሷ ስለተናገረችው አልሰማሁትም።

ማወቅ ነበረብኝ። ተርሚኒ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ስንገባ የምግብ ዝርዝሩን ሁልጊዜ ወደ እኔ ትገፋው ነበር፤ «አንተ ምረጥልኝ» ስትል ፍቅር ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። መልእክት ስትልክልኝ ወይ በድምፅ ነው፣ ወይ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው።

«ስልኬን አስነበብኩት» አለች፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። «ትርጉም ያወጣል አይደል? በፎቶ። ምን አለኝ መሰለህ? ‹የአጎትህ በቅሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰነድ ትጠብቃለች› ይላል።»

ልይዘው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሳቅሁ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። «ሦስት ሳምንት ስለ በቅሎዋ አሰብኩ» አለች። «ምን ለማለት ፈልጎ ነው ብዬ።»

«ሰው አትጠይቂም ነበር?»

«ማንን? ሲኒትን ብጠይቅ ከተርሚኒ እስከ ኦስቲያ ይሰማል። ማማን ብጠይቅ ደግሞ ማማ ናት።»

«እኔንስ?»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «አንተን? ያን ቀን ከኦስቲያ ባሕር ዳር ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሁለት ልጆች የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ አንብብልን አሉህ። እዚሁ የተወለዱ ልጆች ናቸው። አነበብክላቸውና ሲወርዱ ምን አልክ? ‹አማርኛ እየተናገሩ ፊደል አለማወቅ፣ ባሕር ዳር ኖሮ ዋና አለመቻል ነው› አልክ። እኔም ሳቅሁ። አንተ ሳቀች ብለህ ነው የምታስታውሰው።»

አስታወስኩ። ያን ቀን እስከ ሮም ድረስ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዝም ብላ ነበር። ፀሐይ አድክሟት ነው ብዬ ጃኬቴን አለበስኳት። ቀልዱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለጓደኞቼም ደግሜዋለሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «የደብዳቤውም፣ የባቡሩም።»

«የሁለታችንም ነው» አለች። «እኔም አፍ ነበረኝ።»

ቀጣዩን ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ከተማ ሁለት ዳር ሆነን አንድ ዓይነት ኀዘን ስናዝን መክረማችን ገባኝ፤ የሚያሳዝን ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

*

ሄራን እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ከኋላ ኪሷ ደብዳቤውን አወጣች። እጥፋቱ ላይ ሳስቷል። ይዛው መዞሯን አላውቅም ነበር።

«ስጪኝ፣ ላንብብልሽ» አልኳት።

እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ወደ ቴራሳው ሌላ ጥግ ተመለከተች። እትዬ ንግሥት እዚያ ለሲኞራ ብርቱካን ይልጣሉ፤ ጆሯቸው ግን እኛ ዘንድ እንዳለ ከአንገታቸው ያስታውቃል።

«አይሆንም» አለች ሄራን። «አንተ ካነበብክልኝ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነገ እሷ ‹ምን እንዳነበበልሽ በምን አወቅሽ› ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በምን አውቃለሁ?» ተነሣች። «ማማ፣ ነይ እስቲ።»

«ሄራን» አልኩ።

«የማታምንህ እሷ ናት። እሷ ታንብበው።»

እትዬ ንግሥት መጡ። ሄራን ደብዳቤውን ሰጠቻቸው፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን ሳይነበብ እንደከረመ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። እትዬ ንግሥት መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው። «ሦስት ሳምንት ብቻሽን ይዘሽው ዞርሽ?» አሉ። «እኔ ማስተማር ነበረብኝ።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «የጻፍከውን ብቻ ነው የማነበው። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«አውቃለሁ እትዬ» አልኩ። አላውቅም ነበር።

መነጽራቸውን ከሽርጣቸው አውጥተው አደረጉ። ሲኞራ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «እኔ ሳልሰማ በቤቴ ደብዳቤ አይነበብም፤ ወዲህ ኑ» አሉ። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ሲኞራ ሄድን፤ እትዬ ንግሥት ቆመው ያነባሉ፣ ሄራን ወንበሩ አጠገብ በርከክ ብላ ለሲኞራ በጣሊያንኛ ትተረጉማለች፣ እኔ በአፈር እጄ ግድግዳውን ተደግፌ እሰማለሁ። ደብዳቤውን ቃል በቃል በልቤ አውቀዋለሁ። አንድ መስመር ቢዘለል ይታወቀኛል።

«ሄራን፣» ብለው ጀመሩ። ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር። «ይህን የምጽፍልሽ አፌ ስላሳፈረኝ ነው። እናትሽ ሲጠይቁኝ ‹ፔርሜሶዬ ይውጣ› አልኩና ቀሪውን ዋጥኩት። ቀሪው ይህ ነው። ወረቀቴ በራሴ ሥራ፣ በራሴ ስም ሳይወጣ ባገባሽ፣ ሰው ሁሉ ፓስፖርቷን አገባ ይላል። ሰው ይበል። ግን አንድ ቀን ስንጣላ አንቺም በልብሽ እንዳትዪው ፈራሁ። አንቺ በልብሽ የምትዪውን ነገር እኔ ልከላከለው አልችልም።»

ሄራን ተረጎመች። የእኔ ቃል በእሷ አፍ፣ በሌላ ቋንቋ ሲወጣ የማላውቀው ሰው የጻፈው ይመስላል፤ ከእኔ የተሻለ ሰው።

«አቫንቲ» አሉ ሲኞራ፣ ቀጥሉ።

«እናትሽ እኔን...» እትዬ ንግሥት ቆም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። መልሰው አደረጉት። «እናትሽ እኔን ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። ብቻዋን በሰው አገር፣ በሰው ቤት ልጅ ያሳደገች እናት በሯ ላይ የሚቆመውን ሁሉ መመርመሯ ያስከብራታል። ሴት ልጅ ብትኖረኝ እንደ እሳቸው በሆንኩ። ይህን ፊት ለፊት ልነግራቸው ወኔው የለኝም፤ እሳቸውን ሳይ እጄን የት እንደማደርግ አላውቅም።»

ሄራን ይህን ስትተረጉም ሲኞራ ወደ እትዬ ንግሥት ዞረው፣ «እኔም አንቺን ሳይ አላውቅም» አሉ። እትዬ ንግሥት ከንፈራቸውን ነከሱ።

ስለ ፒስቶያ አነበቡ። ስለ ኮንትራቱ፣ ስለ አንድ ዓመቱ፣ ሽማግሌ እንደምልክ። አንድም ቃል አልዘለሉም። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ዕዳ እየከፈልኳቸው፣ እሳቸውም እየከፈሉኝ እንደምንሄድ ተሰማኝ። ከዚያ አራተኛው ገጽ ላይ ደረሱ፤ ዓይናቸው ወደ ታች ሄደ፣ አፋቸው ግን አልተከተለም።

«እዚህ ጋ...» አሉ። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። «እዚህ ጋ ጽሕፈቱ አይነበብም። ውሃ ነክቶት ይሆናል።»

ውሃ አልነካውም። ያችን ገጽ ነበር በጥንቃቄ የጻፍኳት። ሄራን እናቷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። የእትዬ ንግሥት ጆሮ ቀልቷል። ለልጃቸው ቃል በቃል ሊያነቡላት የማይችሉት ነገር መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ እናት ለልጇ የምታነበው አይደለም።

«አንተ ታስታውሰዋለህ?» አለች ሄራን።

በአገራችን ደንብ እንዲህ ያለ ነገር በእናት ፊት አይባልም። እትዬ ንግሥት ግን አልሄዱም፤ ፊታቸውን ወደ ጣሪያዎቹ አዞሩ እንጂ ጆሯቸውን ይዘው አልገቡም። እንድናገር የተዉልኝ ቦታ ያ ነበር፤ ገባሁበት።

«አስታውሰዋለሁ» አልኩ። «እንዲህ ይላል። ሄራን፣ እወድሻለሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ፣ በረሃውን ስናቋርጥም፣ ከባሕሩ ስንወጣም፣ እዚህ ካምፕ ውስጥም የተኛሁት ጫማዬን እንዳሰርኩ ነው። ተነሡ የሚል ሰው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አንቺን ካወቅሁ ወዲህ ጫማዬን አውልቄ እተኛለሁ። ክፍሉ ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው፤ የተለወጠ ነገር የለም። አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን በቃሌ መናገር ስላልቻልኩ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከታች ትራሙ ሲያልፍ ተሰማ። ሄራን መተርጎም ጀመረች፤ «ዲቼ ኬ...»፣ እንዲህ ይላል፣ አለችና ድምፅዋ ቆመ። እንደገና ሞከረች። ሲኞራ ቀጭን እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«ተዪው ልጄ» አሉ። «ይሄኛው ገብቶኛል።»

እትዬ ንግሥት ከጣሪያዎቹ ሲመለሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለውት ነበር። ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። «ያ ሰውዬ» አሉ፣ የሄራንን አባት ማለታቸው ነበር፣ «ሲሄድ አንዲት መስመር አልጻፈልኝም።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «ሰኞ ሂድ። ሥራህን ሥራ። ዓመት ቀላል ነው፣ እኔ ሃያ ሁለት ቆጥሬያለሁ። ሽማግሌ ስትልክ ግን ቀድመህ ስልክ ደውል፤ ሳላሰናዳ እንዳይመጡብኝ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ሌላ ቃል ብጨምር ዕንባዬ ይቀድመኝ ነበር።

«ቆይ» አለች ሄራን። «እኔ አልመለስኩም እኮ። ደብዳቤ የተጻፈው ለእኔ ነው፤ የምትመልሰው ማማ ናት?»

ኩሽና ገብታ የገበያ ዝርዝር የሚጻፍበትን እስክሪፕቶ ይዛ መጣች። ደብዳቤውን ከእናቷ ተቀብላ በሲኞራ ወንበር ክንድ ላይ ዘረጋችው፤ የአራተኛው ገጽ ግማሽ ባዶ ነው። እስክሪፕቶውን ይዛ ጠበቀች።

«‹እጠብቅሃለሁ› እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለች።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። እትዬ ንግሥት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ከልጃቸው ጎን ጎንበስ አሉ፣ የተላጠ ብርቱካን ሽታ ይዘው፣ በጣታቸው የሲኞራ ብርድ ልብስ ላይ የመጀመሪያዋን ፊደል ሳሉላት። «ይቺ ‹እ› ናት። እንዲህ። እግሯን አትርሺ።» ሄራን ጻፈች። «‹ጠ›። ሦስት እግር አላት፣ ቁጠሪያቸው። ጎበዝ። አሁን ‹ብ›።»

ሲኞራ አንገታቸውን አስግገው፣ «ረጅም ቃል ነው?» አሉ።

«ረጅም ነው» አሉ እትዬ ንግሥት፣ ከወረቀቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «አትቸኩዪ ልጄ፣ ማንም አያባርርሽም።»

በዚህ አገር ስለ እኔ ብዙ ተጽፏል። ፖሊስ ጣቢያው ጽፏል፣ የስደተኞች ኮሚሽኑ ጽፏል፣ ካምፑ ጽፏል፤ ስሜን በአምስት ዓይነት አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ለእኔ ብሎ መጻፍ የተማረ ሰው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ፣ ሁለቱ ራሶች አንድ ወረቀት ላይ ተደፍተው ሳይ፣ ሰባቱ ፊደላት እስኪያልቁ የምቸኩልበት ነገር በዓለም ላይ አልታየኝም።